ከፎቶው ፊት ለፊት ያለው ወንበር

እስቲ አንተ አንባቢ፣ ሳትሸሽ መልስልኝ፦ አባትህ በክብር ከተቀበሩ ከዓመታት በኋላ፣ ፈንዲሻ የሚቆረጥም ሰው ጢም ብሎ በሞላው አዳራሽ ውስጥ፣ ደረቱን ዘይት የተቀባ ጎረምሳ ግንባራቸው ላይ ጥይት ቢያርከፈክፍባቸው፣ ያ ሁሉ ሕዝብም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «እሰይ!» እያለ ቢያጨበጭብ፣ ምን ትላለህ? «ፊልም እኮ ነው» ትላለህ? «ጥበብ ወሰን የለውም» ትላለህ? እንዲህ የምትል ከሆነ ንባብህን እዚህ ላይ አቁምና የአባትህን ፎቶ ከግድግዳው አውርደህ ለመጀመሪያው ጠያቂ ስጥ። ወሰን የሌለው ጥበብ ቀላዋጭ ነው፤ በር ክፍት ባገኘበት ሁሉ ዘው ይላል። በዚህ ዘመን ካሜራ የጨበጠ ሁሉ የሰውን ሳሎን፣ የሰውን ሶፋ፣ የሰውን ሙት ሳይቀር የግል ንብረቱ አድርጎ ይቆጥራል። ሃይ የሚለው ጠፍቷል። ጠፍቷል ስል ግን አንዲት ፋርማሲስት አለች።

ነገሩ ጆሮዋ የገባው ጠዋት፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ሳለች ነው። ሁለት ሴቶች የሳል ሽሮፕ ሊገዙ ገብተዋል። አንደኛዋ ጠርሙሱ በየጊዜው እያነሰ ዋጋው ለምን እንደሚያድግ ስትጠይቅ፣ ሁለተኛዋ ስልኳን አውጥታ «ተይው እሱን፤ እኔ ልጆቼን ብቻቸውን ሽንት ቤት መላክ አቅቶኛል። ይኸውልሽ ያልኩሽ ሰውዬ» አለቻት።

«የቱ? ቀንዳሙ?»

«ኧረ ቀንዳሙማ ያስቃል! ፎቶው ውስጥ ያለው እንጂ። ዓይኑን እይው እስቲ። ምንም ሳይልሽ ጥፋትሽን ያስለፈልፍሻል።»

«ውይ! ቁርጥ የድሮ አከራዬን!»

ፋርማሲስቷ የደንበኛ ስልክ አጮልቆ የማየት አመል የላትም፤ ያን ዕለት ግን አንገቷን አሰገገች። ግራጫ ኮት፣ የደረት ኪስ ላይ የተሰካ እስክሪብቶ፣ በመስመር የተከፈለ ጸጉር፣ ተግሣጽ አፍኖ እንደያዘ ግጥም ያለ ከንፈር። አባቷ ናቸው። ከሥራቸው ደም በሚያንጠባጥብ ፊደል «ሰይጣን ቀጠሮ አለው» ተብሎ ተጽፏል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ በድምቀት ይመረቃል»። ሽሮፑን ጠቅልላ ስትሰጥ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ስንቴ እንደሚወሰድ መናገር ረሳች፤ ሴትዮዋ ራሷ ናት ከበር ተመልሳ የጠየቀቻት።

የፊልሙ ደራሲም፣ ዳይሬክተርም፣ ፕሮዲዩሰርም አንድ ሰው ነው፤ የአክስቷ ልጅ። ቤተሰቡ «ቀረጻ» ይለዋል። ካሜራ እጁ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሳይቀርጸው ያለፈ ልደት፣ ሠርግ፣ ጠብ የለም። በአባቷ ቀብር ዕለት እንኳ ካሜራውን ደግኖ፣ የምታለቅሰውን እናቷን «እቴቴ፣ በሞቴ አንዴ ድገሚልኝ፤ ድምፁ አልገባም» ያላት እሱ ነው። ይህ ሰው ነው ከወራት በፊት መጥቶ «ስለ ቤተሰብ የሚያወራ ፊልም ነው፤ ሳሎናችሁን ለአንድ ቀን ብቻ» ያለው። እሷ ሥራ ላይ ነበረች፤ በሩን የከፈተለት ወንድሟ ነው። ስለ ቤተሰብ! ሌባም እኮ ቤት ሲሰብር ስለ ቤተሰብ እያሰበ ነው፤ ስለ ራሱ ቤተሰብ።

ባንኮኒውን ለባልደረባዋ ትታ፣ ነጭ ጋወኗን እንኳ ሳታወልቅ እናቷ ቤት ደረሰች። ሳሎኑ እንደ ወትሮው ነው፤ መጋረጃው ታጥቧል፣ ወለሉ ተወልውሏል፣ አባቷ በግድግዳው እኩሌታ ላይ ተሰቅለው ያያሉ። በሕይወት ሳሉ የካልሲ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሥራቸው ማየት ነው፤ እሳቸው ያላዩት ካልሲ ከፋብሪካው አይወጣም። ፎቶውንም በገዛ እጃቸው፣ በውሃ ልክ ለክተው የሰቀሉት እሳቸው ናቸው፤ «እኔ ብወጣም እዚህ አለሁ» ብለው። ፎቶው ፊት ለፊት የቤቱ ምርጥ ወንበር አለ፤ ሰፊ፣ ባለ መደገፊያ፣ ጨርቁ ያልነተበ፣ ሞላው ያልረገበ። ማንም አይቀመጥበትም። ቤተሰቡ ከፎቶው ሥር ባለች ጠባብ አግዳሚ ላይ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ሻይም እዚያው፣ ጉልበት ላይ ይጠጣል። እንግዳ ሲመጣ ምርጡ ወንበር ለእሱ ባዶ መተዉን አይቶ «እንዴት ያለ ጨዋ ቤተሰብ!» ብሎ ይቀመጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሥራ እንዳለው ትዝ ይለዋል። ፋርማሲስቷ ገብታ የፎቶውን ፍሬም በጣቷ ዳሰሰች። ከላይ በኩል ቀለሙ ተፍቋል። እሷና ወንድሟ ልጆች ሳሉ እናቷ የእጅ ፎጣ ጣል ታደርግበት እንደነበር ታስታውሳለች፤ አቧራ እንዳይነካው። እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ የት አለ? ለሥራ ባልደረቦቿ ስንቴ አውርታዋለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ከፎቶው ሥር ሄዳ ከወንድሟ ጎን ተሸጎጠች።

እናቷ ለምርቃቱ ለብሳ ጨርሳለች። መስታወት ፊት ቆማ የጆሮ ጉትቻዋን ቀዳዳ ትፈልጋለች።

«እማዬ፣ አባባን ሰይጣን አድርጓቸዋል!»

«ሰይጣኑማ ሌላ ልጅ ነው፤ የኢንሹራንስ ሠራተኛ። ምስኪን ነው። ቀንዱ እየወለቀ ስንቴ ሙጫ አቀበልኩት መሰለሽ።»

«እዚህ ነበርሽ? አይተሽ ዝም አልሽ?»

«ሻይ አፈላ ነበር» አለች እናት። ጉትቻው ገባላት። ወንድሟ ሳል ያልነበረበትን ጉሮሮውን ጠራረገ። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ጣቶቹ ሥራ ሲፈቱ የሚይዙት ያጣሉ፤ አሁንም ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ አውጥቶ ይጠመዝዛል። ፋርማሲስቷ አየችው፤ አላያትም። በዚህ ቤት ውስጥ ዝምታ አዲስ ነገር ስላልሆነ ማንም ምን ሆናችኋል ብሎ አይጠይቅም። እንደ አንድ ዕቃ ነው፤ ተሸክመው እየዞሩ ያልፉታል።

«አስቆመዋለሁ» አለች። «መድረክ ላይ ወጥቼ አስቆመዋለሁ።»

«ትኬቱ እኮ ተሽጧል» አለ ወንድሟ ለሽቦው።

«ይመልስላቸዋ!»

«መጀመሪያ እንየው፣ ልጄ» አለች እናት ቦርሳዋን አንስታ። «አይተሽ ተቆጪ። ሳይበሉ መቆጣት ጨጓራ ያቃጥላል ብለሽ ለሰው የምትነግሪ አንቺ አይደለሽም? እንኪ፣ ዳቦ ያዢ።»

በወንድሟ ጭነት መኪና ሄዱ፤ እናት ከፊት፣ እሷ በሁለቱ መሐል፣ ከኋላ የሽቦ ጥቅል እየተንከባለለ። የቤንዚን ዋጋ ተወራ። የዳቦው መጠን ማነስ ተወራ። ፋርማሲስቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ንግግሯን ታጠናለች፤ «ክቡራትና ክቡራን» ስትል ድምፅ አመለጣት።

«ክቡራኑን ተያቸው» አለ ወንድሟ። «ቀንድ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ናቸው።»

ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ተዘርግቷል። ከሰልፉ በላይ አባቷ አሉ፤ ፎቅ የሚያህል ሸራ ላይ፣ ከነኮታቸው፣ ከነእስክሪብቷቸው። ወጣቶች ከሥራቸው እየቆሙ በጣታቸው ቀንድ ሠርተው ፎቶ ይነሳሉ። አንዷ ጓደኛዋን «ዓይኑ ተከትሎኛል! ወደ ግራ ብሄድም ተከትሎኛል!» እያለች በሳቅ ትፈነዳለች። እናት ቀና ብላ ቆየች። እንደምታለቅስ የገመተችው ፋርማሲስቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ትልቅ ሆኑ» አለች እናት። «ይህን ያህል እንኳ አልነበሩም።»

ፈንዲሻ በወርቅ ዋጋ ይሸጣል። እናት ትልቁን ገዛች።

ፊልሙን ልተርክልህ ብዬ ቀለም አላባክንም፤ ግን ፍርድ ከመስጠትህ በፊት ማስረጃውን ማወቅ መብትህ ነው። በድሮ ዘመን አንድ ክፉ ሰው ለሰይጣን ቃል ገብቷል። ሰይጣኑ ደግሞ ትንቢት ተናግሯል፤ ያ ሰው ሞቶ ከፎቶው ውስጥ ዓይኑን ባንቀሳቀሰ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማዋ ትጋያለች። ይህን የሚያስቆም አንድ የቀድሞ ቦክሰኛ አለ። በዕለት ሥራው የስፖርት ቤት አሠልጣኝ ነው፤ ትወናውም በአብዛኛው ሸሚዝ ማውለቅ ነው። ብርድ ሲሆን ያወልቃል፣ እናቱ ስትሞት ያወልቃል፣ ፖሊስ ሲያባርረው እየሮጠ ያወልቃል። አጋንንቱን በቡጢ ይላቸዋል፤ አጋንንቱ ከግድግዳ ጋር ሲጋጩ ግድግዳው ይወዛወዛል፣ ካርቶን ነውና። እንዲህ ያለውን ቡትቶ የሚያደንቅ ተመልካች ባይኖር እንዲህ ያለው ዳይሬክተር አይኖርም ነበር፤ ጥፋቱን እኩል ተካፈሉት። ከዚያ በኋላ ግን ካሜራው አንድ በር ከፍቶ ገባ። ያ በር ካርቶን አልነበረም። የእናቷ ሳሎን ነው። የታጠበው መጋረጃ፣ ጠባቧ አግዳሚ፣ ግድግዳው፣ እሳቸው። ሰይጣኑም ጅራቱን በክንዱ ታቅፎ ገባና፣ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ሰተት ብሎ ምርጡ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እናት ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ አለች። «ደፋር ነው» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ፣ ሰው ጓደኛውን እየቆነጠጠ በፈራበት ሰዓት፣ እሷ ብቻ አፏን በመሐረብ አፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። ከኋላ ያለ ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ «ማዘር፣ ይፍሩ እንጂ! ገንዘብ ከፍለን ነው የምንፈራው!» አላት። ፋርማሲስቷ አልሰማችም። ስክሪኑ ላይ ፎቶው ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ ወደ ጎን ተንሸራታ ከወንድሟ ትከሻ ጀርባ ልትሆን ፈልጋ ነበር፤ ትከሻው ግን ከቦታው የለም፤ እሱም ወደ ሌላኛው ጎን ተንሸራቷል። ከፊት የተቀመጠው ሰው ጭንቅላት ጋርዷት እንደሆነ ለራሷ ነገረች። ቦክሰኛው ሸሚዙን አውልቆ ሽጉጡን ደገነ። «ቀጠሮህ ተሰርዟል!» አለና ተኮሰ። መስታወቱ በዝግታ ረገፈ፣ ግንባሩ ተበሳ፣ ግራጫው ኮት ተቀደደ፣ እስክሪብቶው ወለል ላይ ወድቆ ተንከባለለ። አዳራሹም ከላይ በነገርኩህ መሠረት ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እናትም ቆማ ነበር፤ ፋርማሲስቷ መውጫ የምትፈልግ መሰላት።

መብራት በራ። መድረክ መሪው ማይክ ይዞ «አስተያየት ያለው!» አለ። አንድ ባለ መነጽር ስለ መብራት አጠቃቀሙ ረጅም ምስጋና አቀረበ። አንዷ ሰይጣኑ ያገባ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ማይኩ ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት እጅ ገባ፤ ሰው የፊልሙ ክፍል መስሎት ሳቀ። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

«እናንተ ያጨበጨባችሁለት ግንባር የአባቴ ግንባር ነው» አለች። «ተዋናይ አይደሉም። ከሰይጣን ጋር ቀጠሮ አልነበራቸውም፤ ቀጠሯቸው ከፋብሪካ ደወል ጋር ነበር፤ አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም። የሰው ቁራሽ አልነኩም። እጃቸውን በእናቴ ላይ አላነሱም። እናቴ ይህን እናንተ የሳቃችሁበትን ፎቶ አቧራ እንዳይነካው በገዛ ፎጣዋ እየሸፈነች ያኖረችው ነው! እዚህ ተቀምጣለች፤ እዩዋት። ያቺ ሴት ባሏ ሲረሸን አይታ፣ ከድንጋጤዋ ብዛት ሳቅ ሆኖባታል።» አንድ ሁለት ሰዎች ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔ ትኬት አስመልሱልኝ አልልም። አንድ ነገር ነው የምጠይቀው። ዳይሬክተሩ ይነሳና ይህን ፎቶ ተጠቀም ብሎ የፈቀደለት ማን እንደሆነ በሰው ፊት ይናገር። ስም ይጥራ!»

ቀረጻ ተነሳ። ያን ሁሉ ጋኔን ያዘዘ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ አጥቶ አንዴ ኪሱ ውስጥ፣ አንዴ ጀርባው ላይ ያደርገዋል። አፉን ከፈተ። ዓይኑ ወደ ፋርማሲስቷ መጣና አልፏት ሄዶ እናቷ ላይ አረፈ። አፉን ዘጋ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ይቅርታ አይደለም የጠየቅኩህ! ስም ነው!»

«ይመልስ! ይመልስ!» አለ አዳራሹ። ቅድም ያጨበጨበው ያው አዳራሽ ነው። ሕዝብ ማለት እንዲህ ነው፤ የሚተኮስበት ሰው ይለወጥ እንጂ ደስታው አይለወጥም። ፋርማሲስቷ አገጯን ቀና አድርጋ ቆማለች። ይህን ሁሉ ሳጫውትህ እኔም ከእሷ ጋር ቆሜያለሁ፤ ያንን ልጅ በጥፊ የሚለው ቢገኝ ጥርሴን አልከድንም ነበር። ወንድሟ ጫማውን ያያል። በዚህ መሐል እናት የፈንዲሻውን ካርቶን ከኋላዋ ለተቀመጠው ጎረምሳ አስይዛ ተነሳች።

«ማይኩን ወዲህ» አለች። ልጇ ሰጠቻት፤ ጎንዋን ደግፋም አቆመቻት።

«ይሄን ልጅ ተዉት፤ ምንም አላጠፋም። ፎቶውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች እናት። «እነሱማ የራሳቸውን ሥዕል ይዘው ነበር የመጡት። ዓይኑ ቀይ፣ ጥርሱ የተንጋደደ። አየሁትና ‹ይሄ እኮ ጥርሱን ያመመው ሰው ነው፤ ለልጄ ልደውልና ማስታገሻ ታምጣለት› አልኳቸው።» አዳራሹ ሳቀ። እሷ እስኪያበቁ ጠበቀች። «‹ታዲያ የሚያስፈራ ሰው ምን ይመስላል፣ እቴቴ?› አለኝ። ጣቴን ብቻ ወደ ግድግዳው አነሳሁ። ‹ለማንም እንዳትናገር› ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ ተቀመጪ» አለች ፋርማሲስቷ። ደጋፊ እጇ ከእናቷ ጎን ወርዷል።

«ቆይ። ልጄ ያለችው እውነት ነው። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም።» ዕድሜ ልኳን ያላስቀረችውን አንቱታ የት እንደጣለችው እንጃ። «ከሥራ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ መዳፉን ራዲዮኑ ጀርባ ላይ ያሳርፋል፤ ሞቆ እንደሆነ ሊያይ። ከዚያ የስኳሩን ጣሳ ይከፍታል። ከዚያ ኩባያዎቹን ያያል። እህቴ፣ የዚህ ልጅ እናት፣ መጥታ ሻይ ጠጥታ ከሆነ ያውቃል። ምንም አይልም። እራት እስኪነሳ ምንም አይልም። በሚቀጥለውም ቀን ምንም አይልም። እህቴ ያን ዝምታ እንዳታመጣብኝ ብላ ደጃችንን ሳትረግጥ አረጀች። በፊት በፊት ግን፣ እሱ ፋብሪካ ሳለ ስትመጣ፣ ፎጣ ፎቶው ላይ ጣል እናደርግና እንስቅ ነበር። አቧራ አይደለም፣ ልጄ። መሳቂያ ጊዜ ነው።»

ለምርቃቱ ከነቀንዱ የመጣው ሰይጣን ከፊት ረድፍ ላይ ቀንዱን ነቅሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ሲተኩሱበት ወጥ ቤት አልነበርኩም። እዚያው ቆሜ ነበር። ይሄ ልጅ ‹በጣም ቆንጆ፣ በቃ!› አላቸው። እኔ ‹በሞቴ፣ አንዴ ድገሙልኝ› አልኩ።»

እናት ወደ ልጇ ዞረች። በሁለቱ መሐል ያለው የአንድ ወንበር ስፋት ነው።

«ምናልባት ክፉ ሚስት ነኝ። ምናልባት በዚያ ቤት የፈራሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ አንቺም፣ ወንድምሽም በሰላም ነው ያደጋችሁት። እንደሱ ከሆነ ወጥቼ ይህን ሁሉ ሰው ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ፊልሙንም ያቃጥለው። አንቺ ሰው ይመልስ ብለሽ ተነስተሻል፤ ደግ አደረግሽ፣ መመለስ ጥሩ ነው። እንግዲህ አንቺ ጀምሪ። በዚያ ቤት ተወልደሽ፣ አድገሽ፣ ተድረሽ ወጥተሻል። ጠዋትም መጥተሽ ነበር። ፎቶው ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ፣ እሱ በሕይወት ሳለም ይሁን ከሞተ በኋላ፣ አንድ ቀን ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ? ለእኔ አይደለም የምትነግሪኝ፣ እኔ አውቀዋለሁ። ለእነሱ ንገሪያቸው። እንኪ፣ ማይኩን ያዢ፤ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙሽ ጮክ ብለሽ መልሺ።»